በጣና ሐይቅ የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ

የእምቦጭ ነቀላ በጣና ዙሪያ ያለው ሕዝብ መጤውን አረም በእጁ እየነቀለ ከሐይቁ የሚያወጣበት የጋራ ሥራ ነው። በብዛት የሚካሄደው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ነው።

እምቦጭ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ ጣና ላይ የተስተዋለው በ2011 እ.ኤ.አ. በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነው። የመስፋፋቱ ምክንያት ብዙ ያከራክራል፤ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽና ከእርሻ የሚታጠበው ደለልና ማዳበሪያ አረሙን እንደሚመግበው ግን ጥርጥር የለውም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዳርቻው ገበሬ ብቻውን ታገለ። ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ (2017 እ.ኤ.አ.) ወዲህ የባሕር ዳርና የጎንደር ወጣቶች፣ ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች በአውቶቡስ እየመጡ ውሃ ውስጥ ገቡ፤ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ለማጨጃ ማሽን መግዣ ገንዘብ አዋጡ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ሰፊ የአንድ ወር ዘመቻ ተከፈተ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል የጸጥታ ችግር ሥራውን አስተጓጉሏል።

ለነቀላ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው። ክረምቱ አልቆ ሐይቁ መሸሽ ሲጀምር ነፋስ የገፋው አረም ዳር ይከማቻል። ነገር ግን ወቅቱ በፎገራ ከሩዝ አጨዳ ጋር ይገጥማል፤ ገበሬው የራሱን አዝመራ ትቶ መውጣቱ ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም።

ቀበሌዎች ዳርቻውን ተከፋፍለው ይሰለፋሉ። ወገብ ድረስ ውሃ ውስጥ የገቡት የተያያዘውን ምንጣፍ በማጭድ ቆርጠው በገመድ ወደ ዳር ይስባሉ፤ ኋላ ያሉት በመንሽ እያነሱ በቃሬዛ ያወጣሉ። ነቃዩ መያዝ ያለበት ቅጠሉን ሳይሆን ከሥሩ በላይ ያለውን ግንድ ነው። ቅጠል ከያዘ ይበጠስና ሥሩ እዚያው ቀርቶ እንደገና ያቆጠቁጣል። ተክሎቹን የሚያያይዘው ቀጭን ሐረግ ቁራጭም ተንሳፎ ሌላ ቦታ ይበቅላል፤ ስለዚህ ከሰልፉ ኋላ ቁርጥራጭ የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል። የሐይቁ ነባር ተክል የሆነው ደንገል አብሮ እንዳይነቀልም ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከአረሙ ክብደት ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ዳር ላይ ሳይንጠፈጠፍ መሸከም ጉልበት ይጨርሳል። ብዙ ዘመቻ የከሸፈው ግን ከነቀላው በኋላ ነው፦ የተከመረው አረም ውሃው ዳግም ከሚደርስበት በላይ ካልወጣ በሚቀጥለው ክረምት ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ክምሩ ከደረቀ በኋላ ይቃጠላል። አበባ ሳያወጣ መንቀሉ ይመረጣል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

አልቅት፣ እባብና የቆዳ ማሳከክ የተለመዱ ናቸው፤ ቢልሃርዚያ ከሁሉ ይከፋል። ቦቲ ጫማና ጓንት ያግዛሉ፣ ሆኖም ውሃው ከቦቲው አፍ ካለፈ ጫማው ሞልቶ እግር ይይዛል።

ማሽኖች ጥልቅ ውሃ ላይ ይጠቅማሉ፤ አረሙ በሚከማችበት ጭቃማ ዳርቻ ግን ስለሚቀረቀሩ ሸክሙ ተመልሶ የሰው እጅ ላይ ይወድቃል። አረሙን የሚበሉ ጢንዚዛዎች በቪክቶሪያ ሐይቅ ውጤት አስገኝተዋል፤ ለጣናም ይሆናሉ የሚሉ አሉ። «ተነቀለ» ተብሎ በሄክታር የሚነገረው ቁጥር በጥንቃቄ መታየት አለበት፣ አንድ ቦታ በአንድ ዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊጸዳ ይችላልና።

የጸዳ ዳርቻ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና መታየት አለበት፤ ሙቀትና ምግብ ካገኘ አረሙ በዚሁ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ይህን አሰሳ ከማንም በተሻለ የሚሠሩት በየቀኑ ታንኳ ይዘው የሚወጡት ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። ባሕር ሸሽ መሬት፣ ማለትም ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት፣ የሚያርሱትም በጭቃው ላይ የበቀለውን ቡቃያ እየነቀሉ ከማሳው ያርቃሉ።