ልጅ ከቡድኑ ጋር ወደ ውጭ አገር ሲጓዝ፦ የፓስፖርት ስምምነትና የጉዞ ፈቃድ ደብዳቤ
በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸው ከእግር ኳስ ቡድኑ ጋር፣ ለምሳሌ በስዊድን ጎተንበርግ ወደሚካሄደው የጎቲያ ዋንጫ፣ ሲጓዝ ሁለት ፈቃዶችን ያምታታሉ። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፓስፖርት ሲወጣ በመደበኛው አሠራር የሁለቱም ወላጆች ስምምነት ይጠየቃል፤ ይህ ግን ፓስፖርቱ እንዲሰጥ እንጂ አሠልጣኙ ልጁን ይዞ ድንበር እንዲሻገር የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ለዚህኛው የሚያገለግለው ወላጆች በኖተሪ (ፊርማን በሕግ በሚያረጋግጥ ሰው) ፊት የሚፈርሙት ደብዳቤ ሲሆን፣ የልጁንና የአሠልጣኙን ሙሉ ስም፣ የጉዞውን ቀናትና የወላጆችን ስልክ ቢይዝ ይመረጣል። የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን አጥብቆ ይመክራል እንጂ አያስገድድም፤ አንዳንድ አገሮች ግን ሊጠይቁት ይችላሉ። በእኛ ዘንድ ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠራ የእናትና የልጅ ስም ፓስፖርት ላይ አይገጥምም፤ ይህን የማያውቅ የድንበር ሠራተኛ የፈራሚዋን እናትነት ቢጠራጠር አይፈረድበትምና፣ የልደት የምስክር ወረቀት ቅጂ ከደብዳቤው ጋር መያያዝ አለበት እላለሁ።