«ሰርቪስ ከተመደበ ችግሩ አለቀ» ለምትሉ

አንድ ክለብ የልምምድ ሜዳውን ከከተማ መሃል ወደ ዳር ሊያወጣ ነው ሲባል ወሬው ሁሌም ያው ነው። ደጋፊው «ክለባችን ሊጠፋ ነው» ይላል። አመራሩ «ዘመናዊ ማዕከል ልንገነባ ነው» ይላል። ሁለቱም ከሚሉት ግማሹ ስህተት ነው። እኔ ለብዙ ዓመታት የታዳጊ ቡድን አሰልጣኝ ነበርኩ። አንድ የሜዳ ዝውውር ከመጀመሪያ ስብሰባው እስከ መጨረሻው ሳጥን ድረስ ውስጡ ሆኜ አይቻለሁ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ። ብዙዎቹ በሁለት በሦስት መስመር ያልቃሉ። አንዷ ግን ስሰማት ደሜን ታፈላዋለች። እሷ ጋ ስደርስ ታገሱኝ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ወደ ዳር የሚወጣው ገንዘብ የቸገረው ክለብ ነው።»

ሪያል ማድሪድ በ2001 ከተማው ውስጥ የነበረውን የልምምድ መንደሩን መሬት ሸጠ። በ2005 ዳር ላይ ወዳለው ቫልዴቤባስ ገባ። አዲሱ ቦታ 120 ሄክታር ነው። በአሮጌው ቦታ ላይ ዛሬ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች ቆመዋል። አርሰናልም በ1999 ለንደን ኮልኒ ሲገባ፣ አጥቂውን ኒኮላ አኔልካን ለዚሁ ለማድሪድ የሸጠበት ብር ትልቅ አቅም ሆኖታል። ከዚያ በፊት ያን የሚያህል ክለብ የሚሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ ነበር። የመውጫው ምክንያት አንዳንዴ ዕዳ ነው፣ አንዳንዴ ዕድገት ነው። ከመፍረድ በፊት የክለቡን ሂሳብ ማየት ነው።

«ዛሬ ልምምዱ ወጣ፣ ነገ ስታዲየሙ ይከተላል።»

አይከተልም። የአርሰናል ማዕከል ከለንደን ውጪ ሄርትፎርድሺር ውስጥ ነው። የቼልሲው ማዕከል ኮብሃም ደግሞ ሰሪ በሚባለው አውራጃ ውስጥ ነው። ሁለቱም ጨዋታቸውን የሚያደርጉት ለንደን ውስጥ ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም። በአሰልጣኙ በቢል ሻንክሊ ዘመን የሊቨርፑል ተጫዋቾች ስታዲየማቸው አንፊልድ ላይ ልብስ ቀይረው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ልምምድ ሜዳቸው ሜልውድ ይወርዱ ነበር። ሲጨርሱም ገላቸውን የሚታጠቡት በዚያው አውቶቡስ አንፊልድ ተመልሰው ነው።

«እዚያ መሬት ስለሚረክስ ብቻ ነው።»

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። 7,140 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በዙሪያው ተጫዋች ሮጦ የሚቆምበት፣ የሣር ማጨጃው የሚዞርበት ቦታ ይጨመራል። ወደ አንድ ሄክታር ይጠጋል። ሣር ደግሞ ይደክማል። ጠዋት ዋናው ቡድን፣ ከሰዓት የሴቶቹ ቡድን፣ ማታ ታዳጊዎቹ ሲረግጡት የሰነበተ ሜዳ መሃሉ አፈር ይሆናል። ስለዚህ ተራ በተራ የሚያርፉ ብዙ ሜዳዎች ያስፈልጋሉ። አሥር ሜዳ አሥር ሄክታር ነው። ከተማ መሃል አሥር ሄክታር ባዶ ቦታ ከየት ይመጣል? ሌስተር ሲቲ ለሲግሬቭ ማዕከሉ የቀድሞ የጎልፍ ሜዳ የወሰደው ያለ ነገር አይደለም።

የረከሰ መሬትም እንደረከሰ አይቀጥልም። እኛ የሄድንበት ቦታ የሸክላ አፈር ነበር። በበጋ አይተው ገዙት። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሁለተኛው ሜዳ ላይ የግብ ክልሉ ኩሬ ሆነ። ውሃው እዚያው አራት ቀን ተኛ። አፈሩን ቆፍሮ አሸዋና ጠጠር ለመሙላት፣ የውሃ ማውረጃ ቱቦ ለመቅበር የወጣው ወጪ የቦርዱን ስብሰባዎች ሁሉ በላ። ምክሬ ቀላል ነው። በዝናብ ወቅት ሄዳችሁ እዩት። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉት፣ በማግስቱ ተመለሱ። ውሃው እዚያው ካለ ስለ ዋጋው እንደገና ተነጋገሩ።

«አዲስ ማዕከል ውጤት ያመጣል።»

ሌስተር በ2020 መጨረሻ አዲሱ ማዕከል ገባ። በ2021 በታሪኩ የመጀመሪያውን የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ አነሳ። «ይኸው!» ተባለ። በ2023 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ሜዳው ያው፣ ጂሙም ያው ነበር።

«አሮጌው ሜዳ ተሸጠ ማለት ታሪኩ ሞተ ማለት ነው።»

ሊቨርፑል በ2020 ከሜልውድ ወጥቶ ኪርክቢ ገባ። ብዙ ሰው አዘነ። ማዘኑም አይፈረድበትም። ነገር ግን ኪርክቢ ላይ አካዳሚው ቀድሞም ነበር። ታዳጊውና ዋናው ቡድን ተለያይተው ዓመታት ከቆዩ በኋላ አንድ ግቢ ውስጥ የተገናኙት በዚህ ዝውውር ነው። በ2023 ደግሞ ክለቡ ሜልውድን መልሶ ገዛው። አሁን የሴቶቹ ቡድን ይሠራበታል።

«ደጋፊው ከቡድኑ ይቆረጣል።»

ይሄኛው እውነት አለው፤ አልክድም። የማንቸስተር ዩናይትዱ ዘ ክሊፍ በሰፈር መሃል ያለ ሜዳ ነበር። ልጆች በር ላይ ቆመው ተጫዋቾችን በቅርብ ያዩ ነበር። በ2000 አካባቢ ወደ ካሪንግተን ሲወጡ አሰልጣኙ የፈለገውን ከሰው ዓይን መራቅ አገኘ፣ ልጆቹ ደግሞ በሩን አጡ። ይሄ ኪሳራ ነው። የሚካሰውም በፖስተር ሳይሆን በቀን ነው። በወር አንድ ክፍት ልምምድ፣ ቀኑ ቀድሞ የታወቀ፣ መጓጓዣ ያለው። ይሄን በጽሑፍ ያላሰፈረ አመራር «ደጋፊውን አንረሳም» ቢል እኔ አላምነውም።

አሁን ወደዚያችው ልምጣ።

«ሰርቪስ ከተመደበ ችግሩ አለቀ።»

ይህን የማይል አመራር አጋጥሞኝ አያውቅም። በስብሰባ መሃል አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ልጆቹስ እንዴት ይመላለሳሉ?» ሲል መልሱ ወዲያው ይመጣል። ሰርቪስ እንመድባለን። ቀጣይ አጀንዳ። ጥያቄው የተመለሰ ይመስላል፣ ግን አልተነካም።

መጀመሪያ ነገር፣ ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም። በሰዓት ነው የሚለካው። እንግሊዞቹ ይሄ ገብቷቸው ነበር። አካዳሚዎች ትንንሾቹን ታዳጊዎች የሚያስፈርሙት ቤታቸው ከማሰልጠኛው የአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከሆነ፣ ከፍ ያሉትን ደግሞ የአንድ ሰዓት ተኩል ጉዞ ውስጥ ከሆነ ነው የሚል ደንብ ለረጅም ጊዜ ነበራቸው። በ2012 ለከፍተኛ ደረጃ አካዳሚዎች ላላ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። መኪናው የማን ይሁን፣ ወንበሩ ምን ያህል ይመች፣ ደንቡ አልጠየቀም። ልጁ መንገድ ላይ ስንት ሰዓት ያሳልፋል? የጠየቀው ይሄን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ዋናው ቡድን ተጫዋች ነው። እሱ ምንም አይሆንም! ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ይመጣል፣ ይሠራል፣ ወጌሻው ያየዋል፣ በልቶ ቀን ላይ ይሄዳል። መንገዱ ከመረረው ቤቱን ይቀይራል። ሥራው ይሄ ነው፣ ደሞዙም ይሄ ነው። የ15 ዓመቱ ልጅ ግን ቤቱን መቀየር አይችልም። ጠዋት ትምህርት ቤት አለ። ከሰዓት ሰርቪሱ ወዳለበት ይሮጣል። አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ይሠራል። እንደገና አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ሰርቪሱም የሚያደርሰው መነሻው ድረስ እንጂ ቤቱ ድረስ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ማንም አይቆጥርም።

አንድ የግራ መስመር ተከላካይ ነበረኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። ከዝውውሩ በፊት ኳስ ከመምጣቷ በፊት የት እንደምትወድቅ የሚያውቅ ዓይነት ነበር። በአዲሱ ሜዳ ሁለተኛ ወራችን ላይ መዘግየት ጀመረ። ቅብብሉ ግማሽ እርምጃ ይዘገያል። ተንሸራቶ ኳስ ሲነጥቅም ዘግይቶ ነው። ሰነፈ ብዬ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ወጌሻችን «ጡንቻው ምንም የለውም» አለኝ። ይበልጥ ተናደድኩ።

አንድ ማክሰኞ መኪናዬ ተበላሽቶ ከልጆቹ ጋር በሰርቪሱ ተመለስኩ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። የታኬታ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ደግፎ፣ ገና ከግቢው ሳንወጣ ተኛ። ማልያው ላብ እንደያዘ ነው። ከመውረጃው ትንሽ ቀደም ብሎ ማንም ሳይቀሰቅሰው ነቃ። ሰውነቱ መንገዱን ለምዶታል። አብሬው ወረድኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ በእግር ሄድን። እናቱ መታጠፊያው ላይ የስልክ መብራት ይዘው ቆመዋል። ሰዓቴን አየሁ። ከምሽቱ 3፡40። «የቤት ሥራስ?» አልኩት። «አሁን ነው ጋሼ» አለኝ። አምስት ሰዓት ላይ ይተኛል። አስራ አንድ ተኩል ላይ ይነሳል። ስድስት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ልጁ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይጎድለው ነበር። እኔ ደግሞ ለዚህ ቀጥቼዋለሁ። በማግስቱ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ሰርቪሱ ነበረ። ንጹሕ ነው፣ በሰዓቱ ይነሳል፣ ሾፌሩም ጨዋ ሰው ነው። ሰርቪስ እንቅልፍ አይሰጥም።

ሌላም አለ። ሠርቶ የላበ አካል ወዲያው አንድ ሰዓት ሲታጠፍ ይደርቃል። በባዶ ሆድ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ የወጣው ጉልበት ሳይተካ ልጁ ቤቱ ደርሶ ለመብላት እንኳን ይደክመዋል። ይሄን ለማወቅ ትልቅ ምርምር አያስፈልግም። በነጋታው ጠዋት ደረጃ ሲወጡ ማየት በቂ ነው።

ምን አደረግን? የሳምንቱን አምስት ቀን ልምምድ ወደ አራት አወረድን። ከአራቱ አንዱን ከተማ ውስጥ በተከራየነው የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አደረግን። ሜዳው ደህና አይደለም፣ ግን ልጆቹ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታቸው ይገባሉ። እራት እዚያው ማዕከሉ ውስጥ፣ ከመሳፈራቸው በፊት ሆነ። ደረቅ ልብስ ሳይቀይር ማንም አይሳፈርም። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት አርባ ደቂቃ የማጥኛ ክፍል ተከፈተ፤ የቤት ሥራው እዚያ ያልቃል። አንዱ ትልቅ አውቶቡስ በሁለት ትንንሽ ተተካ፣ መስመሩም ለሁለት ተከፈለ። ከየመኪናው ጋር አንድ አዋቂ ይሄዳል። የመጨረሻው ልጅ ቤት መግባቱን በስልክ ሳያረጋግጥ ሥራው አያልቅም።

የግራ ተከላካዬ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቦታውን አስመለሰ። ሁለት ልጆች ግን እኛ እስክንነቃ አልጠበቁም። ኳሱን ተዉት። አንደኛው ግብ ጠባቂ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ አመራር የሆናችሁ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። መንገዱን እሑድ ጠዋት በራሳችሁ መኪና አትለኩት። በሥራ ቀን፣ መንገድ በሚጨናነቅበት ሰዓት፣ ከሩቁ ልጅ ቤት በር ተነሱ። በእግርም በሰርቪስም ሂዱ። ማታም ተመለሱ። ሰርቪሱ ቢበላሽስ ማን ይተካዋል? ልጁ ቢያመልጠውስ? ፈተና ሲደርስስ? መልሱ ወረቀት ላይ ይኑር። «አዳሪ እናደርጋቸዋለን» የምትሉም አላችሁ። ልጅን ከእናቱ ቤት ማውጣት ለመንገድ ችግር የሚሰጥ ፈጣን መልስ አይደለም። ራሱን የቻለ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ የሚጠይቀው ሰውና ገንዘብም ሌላ ነው።

«ትልልቆቹ ሁሉ ወደ ዳር ነው የወጡት፣ አይቀሬ ነው።»

ማንቸስተር ሲቲ በ2014 እዚያው ካሪንግተን ከነበረው የራሱ ማዕከል ወጥቶ የተመለሰው ስታዲየሙ አጠገብ ነው። ዩቬንቱስ በ2018 ቪኖቮን ለቆ ዋናውን ቡድን ስታዲየሙ ጎን ወዳለው ኮንቲናሳ አመጣው። ባየርን ሙኒክ እስከ ዛሬ ሙኒክ ከተማ ውስጥ ዜበነር ጎዳና ላይ ይሠራል። ቦታ ካለ መቅረትም ይቻላል።

«ሠራተኛው ይላመዳል።»

ማሊያዎቻችንን የሚያጥቡ አንዲት እናት ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን። የማን ቁምጣ ወገቡ ላይ እንደሚሰፋ፣ የትኛው ልጅ የሱፍ ካልሲ ቆዳውን እንደሚያሳክከው ሳይጻፍ ያውቁታል። በአዲሱ ቦታ የሕዝብ አውቶቡስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የለም። የማታው ልብስ ከማሽን የሚወጣው ደግሞ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ቀን በር ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ የልጆቹ ሰርቪስ ላይ ለእኔ አንድ ቦታ ይኖር ይሆን?» አሉኝ። ወንበሩ በተጫዋች ቁጥር ነበር የተመደበው። እጠይቃለሁ አልኳቸው፤ ጠየቅኩም። ተፈቅዷል የሚል ደብዳቤ ሲመጣ አንድ ወር አልፎ ነበር። እማማ ከለቀቁ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል።