መልስ ቆጥሮ መስጠት ምንድን ነው?

መልስ ቆጥሮ መስጠት ማለት ከዕቃው ዋጋ ተነስቶ፣ ብር እየጨመሩ፣ ደንበኛው የሰጠው ገንዘብ ላይ እስኪደርሱ መቁጠር ነው። ብዙ አዲስ ካሸር መልስን የቅነሳ ሥራ አድርጎ ስለሚያስበው ሰልፍ ሲበዛ ይደናገጣል። በዚህ ዘዴ ግን ቅነሳ የለም፤ ወደ ላይ መቁጠር ብቻ ነው።

ዋጋው 137 ብር ነው እንበል፤ ደንበኛው ድፍን 200 ሰጡ። ካሸሯ ከ137 ትነሳለች። የ1 ብር ሳንቲም ታወጣና «138» ትላለች፤ ሁለተኛውን ስታወጣ «139»፣ ሦስተኛውን «140»። ቀጥሎ አንድ የ10 ብር ኖት፦ «150»። በመጨረሻ አንድ የ50 ብር ኖት፦ «200»። ደረሰች፤ አቆመች። እጇ ላይ ያለው 63 ብር ነው፤ እሷ ግን 63 የሚለውን ቁጥር አንዴም አላሰላችውም።

አካሄዱ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ በሳንቲምና በትንንሽ ብር ወደሚቀርበው አስር መድረስ፣ ከዚያ በአስሮች ወደ ሃምሳ ወይም ወደ መቶ፣ ከዚያ በትልልቁ ኖት ወደ መጨረሻው። መሳቢያው ውስጥ ሃምሳ ካለቀ መንገዱ ይረዝማል እንጂ አይለወጥም፤ ከ150 በኋላ አምስት አስሮች እየተነሱ 160፣ 170፣ 180፣ 190፣ 200 ይባላል።

ለምን ከቅነሳ ይሻላል? 200 ሲቀነስ 137 በቃል ሲሠራ ከዜሮ ላይ ሰባት ስለማይነሳ መበደር ያስፈልጋል፤ ጎረቤቱም ዜሮ ስለሆነ ሁለቴ መበደር ይመጣል። እዚያ ላይ ነው 63 የነበረው 73 የሚሆነው። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን ቆጠራው ራሱን የሚፈትሽ መሆኑ ነው። ካሸሯ በ50 ፈንታ 100 ብታነሳ፣ አፏ «250» ሲል ስህተቱ እዚያው፣ ብሩ ከእጇ ሳይወጣ ይታወቃል። ቅነሳ ላይ የተሳሳተ ሰው ግን የተሳሳተውን ቁጥር በጥንቃቄ ቆጥሮ ይሰጣል።

«ማሽኑ መልሱን ያወጣልኝ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። የሽያጭ መመዝገቢያው የተቀበሉትን ካስገቡለት 63 ብሎ ያሳያል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ማሽኑ የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው። ከመሳቢያው ምን እንደተነሳ አያይም፤ በ200 ፈንታ 250 ተጽፎለትም ከሆነ አይከራከርም። ማሽኑ 63 ብሎ፣ እጅም ከ137 ተነስቶ 200 ላይ ካረፈ፣ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ነው።

ቆጠራው ሁለት ጊዜ ይደረጋል። አንዴ ከመሳቢያው ሲወጣ ለራስ፣ አንዴ ደንበኛው እጅ ላይ ወይም ባንኮኒው ላይ ሲቀመጥ፣ ድምፅ አሰምቶ። ሁለተኛውን መዝለል በጣም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ብሩን ጠቅልሎ፣ ደረሰኙን ከላይ አድርጎ «ይኸው» ማለት። ጮክ ብሎ ሲቆጠር መቶውን እየደጋገሙ መጥራት አያስፈልግም፤ «ሠላሳ ሰባት፤ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አርባ፤ ሃምሳ፤ ሁለት መቶ» ማለት ይበቃል። ኖቶቹ አንድ በአንድ ይቀመጣሉ። አዲስ ኖት እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ጠርዙን በአውራ ጣት ማሸት ልማድ ይሁን፤ ያረጀው ደግሞ ስለሚታጠፍ አንዱ ሁለት መስሎ ይቆጠራል።

ደንበኛው የሰጡት ድፍን ብር መልሱ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ድረስ ወደ መሳቢያው አይገባም። ከማሽኑ ላይ፣ ሁለቱም በሚያዩት ቦታ ይቀመጣል፤ ሲቀበሉም «ሁለት መቶ ተቀብያለሁ» ይባላል። መስከረም 2013 ዓ.ም. የ200 ብር ኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣ ወዲህ «መቶ ነው የሰጡኝ»፣ «አይደለም ሁለት መቶ ነበር» የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ኖቱ ፊት ለፊት ካለ ክርክር የለም። ከሌሎቹ መቶዎችና ሁለት መቶዎች ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ግን ማስረጃ አይኖርም፤ ያለው አማራጭ ማሽኑን ዘግቶ መሳቢያውን መቁጠር ብቻ ነው።

ጀማሪን የሚያደናግረው ደንበኛው ተጨማሪ ዝርዝር ሲሰጡ ነው። ዋጋው 137፣ የተሰጠው 207። ይህ የተደረገው ካሸሩን ለመርዳት ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ድፍን 70 ይሆናል። ዘዴው ትርፏን 7 ብር ከዋጋው ላይ ወዲያው ማንሳት ነው። 137 ላይ 7 ተከፈለ፤ ቀሪው 130። አሁን ከ130 ወደ 200፦ አንድ አስር «140»፣ ሌላ አስር «150»፣ ሃምሳ «200»። ካሸሩ ራሱ ሲጠይቅም በዚሁ ስሌት ነው፤ «7 ብር አለዎት?»፣ ከሌለ «2 ብርስ?»። በ202 መልሱ 65 ስለሚሆን በ50፣ በ10ና በ5 ያልቃል፤ የ1 ብር ሳንቲም አይነካም። ጥያቄው ግን ብሩ ከመመዝገቡ በፊት መቅረብ አለበት። መልሱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ «ቆይ፣ 7 ብር አገኘሁ» ካሉ፣ የተጀመረውን አለማፍረስ ነው፤ 63ቱን ሰጥቶ ሽያጩን መዝጋት። ከዚያ 63ቱንና 7ቱን በአንድነት ተቀብሎ 70 መስጠት፣ እንደ ሌላ ሥራ።

ከ1 ብር በታች ያለ ሳንቲም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመር ነው። የ130 ብር ምግብ 149 ብር ከ50 ይሆናል። ከ200 ላይ አንድ ሽልንግ «150»፣ አንድ ሃምሳ «200»፤ አለቀ። ሽልንግ ከጠፋስ? ስሙኒ ካለ ሁለት ስሙኒ። እሱም ከሌለ ምን እንደሚደረግ ጠዋት ከባለቤቱ ጋር መስማማት ያስፈልጋል፤ ትክክለኛው ቤቱ ሃምሳ ሳንቲሟን ለደንበኛው ትቶ 51 ብር መመለስና በዕለቱ የጉድለት ማስታወሻ ላይ መጻፍ ነው። ሳይጠይቁ ማስቲካ ወይም ከረሜላ መጨመር መልስ አይባልም። ደንበኛው ያልፈለጉትን ዕቃ በራሳቸው ገንዘብ መሸጥ ነው፤ ገንዘቡ ትንሽ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ቆጥሮ መስጠትን የሚያውቅ ሰው በገንዘብ መለዋወጥ ሰበብ ከሚደረግ ማታለልም ይድናል። አንድ ሰው የ20 ብር ውሃ ገዝቶ 200 ይሰጣል፤ 180 ይመለስለታል። እስካሁን ደህና ነው። ቀጥሎ የታጠፉ ብሮች ዘርግቶ «ዝርዝር ልስጥሽ፣ ድፍን መቶ ስጪኝ» ይላል። ዝርዝር የቸገራት ካሸር ደስ ብሏት መቶውን ቀድማ ትሰጣለች፤ ስትቆጥር 90 ብር ነው። «አስር ይጎድላል» ትላለች። እሱም «ይቅርታ፣ ይኸው አስር፤ መቶ ሞላልሽ። እንዲያውም ይኸው ሌላ መቶ፣ ያንን ሁለት መቶዬን መልሺልኝ» ይላል። ሁለት መቶውን ትሰጣለች። ያ «ሌላ መቶ» ግን አሁን እሷ የሰጠችው የራሷ መቶ ነው። የወጣው 300፣ የገባው 200፤ መሳቢያው 100 ብር ጎደለ። ያታለላት ፍጥነቱና የሁለት ልውውጥ መቀላቀል ነው። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ የሰውዬው ብር ተቆጥሮ መሳቢያ ሳይገባ የቤቱን ብር ከእጅ አለመልቀቅ፣ አንዱ ልውውጥ ሳይዘጋ ሌላውን አለመጀመር። ቢቻኮልም፣ ቢቆጣም።

መልስ የሚቆጠረው ዝርዝር ሲኖር ነውና ሥራው ጠዋት ይጀምራል። 1,500 ብር መነሻ ላለው ትንሽ ካፌ ለምሳሌ 10 ባለ ሃምሳ፣ 60 ባለ አስር፣ 40 ባለ አምስት ኖትና 200 የ1 ብር ሳንቲም ጥሩ አከፋፈል ነው። በመቶ ኖት የተሞላ መነሻ ለመልስ አይጠቅምም። ደንበኛው በቴሌብር ወይም በባንክ ከላከ ዝርዝሩ ይተርፋል፤ ያ ሽያጭ ግን ከጥሬ ገንዘቡ ተለይቶ ይመዝገብ።

ማታ ሒሳብ ሲዘጋ መነሻውና የጥሬ ገንዘብ ሽያጩ ተደምረው ከተቆጠረው ጋር ይመሳከራሉ። ልዩነት ካለ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 40 ከጎደለ በአስር ፈንታ ሃምሳ ተሰጥቶ ይሆናል፤ 50 ከሆነ በሃምሳ ፈንታ መቶ። 100 ብር ከጎደለ መቶ ተቀብሎ እንደ ሁለት መቶ መመለስ፣ ወይም ከላይ ያየነው ማታለል ይጠረጠራል። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ የቁጥር መገለባበጥ ይፈለጋል፤ 85 የነበረው 58 ተብሎ ሲመዘገብ ልዩነቱ 27 ነው። 45ና 90 ግን ሁለቱንም ሊሆኑ ስለሚችሉ (በአምስት ፈንታ ሃምሳ፣ በአስር ፈንታ መቶ) ደረሰኞቹም ይታያሉ። ጉድለቱ ከአንድ ደረሰኝ ጋር ልክ እኩል ከሆነ፣ በስልክ የተከፈለ ሽያጭ በጥሬ ገንዘብ ተመዝግቦ እንደሆነ መጀመሪያ እሱን መፈተሽ ነው። ትርፍም ደስ አያሰኝም፤ አንድ ደንበኛ መልሱ ጎድሎት ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ልምምዱ ቀላል ነው፤ ማሽን አያስፈልገውም። በመጀመሪያ ወደ አስር የሚሞሉ ጥንዶችን ሳያስቡ እስኪመጡ መለማመድ፦ 7 ከ3፣ 6 ከ4፣ 8 ከ2። ከዚያ ወረቀት ቆርጦ የብር ኖቶች መሥራት፣ ከ200 በታች ሃያ ዋጋዎች መጻፍ፣ እያንዳንዱን ከዋጋው ተነስቶ 200 ላይ እስኪያርፍ ድምፅ አሰምቶ መቁጠር። ያለ ስህተት ሃያው ካለቀ፣ ሃምሳዎቹን ደብቆ በአስር ብቻ እንደገና። በመጨረሻ ሌላ ሰው ከፊት ቁሞ እያናገረ ይቆጠራል፤ ቁጥር የሚጠፋው ሰው ሲያናግር ነውና። ከጠፋ «አንዴ ይቅርታ» ብሎ ብሩን መልሶ ይዞ ከዋጋው እንደገና መነሳት እንጂ ከመሀል መቀጠል አይቻልም።