መብረቅ በጅማ፦ ክትትሉና ጥንቃቄው

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ኮረብታ የከበባት ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ እዚህ ሰኔን አይጠብቅም። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ቡናዋም ልምላሜዋም ከዚህ ዝናብ የመጡ ናቸው፤ መብረቁም አብሮ ይመጣል።

ረፋዱ ላይ ፀሐይ እርጥቡን መሬት ታሞቃለች። የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ኮረብታውም ያግዘዋል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። በደመናው ውስጥ በረዶ ከበረዶ እየተጋጨ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ ይለያያል። ልዩነቱ ሲበዛ ብልጭታው ይወርዳል። ብልጭታው የሚያልፍበት አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ነጎድጓድ የምንለው የዚህ አየር ድንገተኛ መፈንዳት ነው።

ቀደም ሲል የአየር ሁኔታ ታዛቢዎች ነጎድጓድ የተሰማበትን ቀን በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። ትልቁ ለውጥ ከሳተላይት ጋር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1997 የሞቃታማ አካባቢዎችን ዝናብ እንዲያጠና የተላከ ሳተላይት የመብረቅ ካሜራ ይዞ ነበር፤ እስከ 2015 ሠራ። ከ2017 እስከ 2023 ደግሞ ተመሳሳይ መሣሪያ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ተገጥሞ አገልግሏል። ሁለቱም ግን አንድን ቦታ የሚያዩት በላዩ ሲያልፉ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የተመጠቀው የአውሮፓ ሦስተኛ ትውልድ ሜቴዎሳት የተባለ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ይህን ጉድለት ሞላ። 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ አፍሪካን ሌት ተቀን ያያል። አራቱ ካሜራዎቹ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 1,000 ምስል ያነሳሉ። ምድር ላይም መብረቅ የሚረጨውን የሬዲዮ ሞገድ የሚለቅሙ ጣቢያዎች አሉ። ሞገዱ ጣቢያዎቹ ጋ የደረሰበትን የሰዓት ልዩነት አስልተው ቦታውን ያገኙታል።

ደጅ ላይ ላለ ሰው ግን ዋናው መሣሪያ ጆሮው ነው። ብልጭታውን ካዩ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ይቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ቶሎ መግባት ያስፈልጋል። መልሶ ለመውጣት ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል።

የት ይገባል? የኤሌክትሪክ ገመዱና የውኃ ቧንቧው በግድግዳ ውስጥ ያለፈበት የብሎኬት ቤት ጥሩ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የጭቃ ቤት ኧርዝ (ፍሰቱን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ከሌለው ያን ያህል አያስተማምንም። ሌላ ከሌለ ከግድግዳ፣ ከበርና ከዲሽ ገመድ ራቅ ማለት ይሻላል። መስኮቱ የተዘጋ መኪናም ይጠብቃል፤ የብረት አካሉ ፍሰቱን በውጭ በኩል ወደ መሬት ያሳልፈዋል። ባጃጅ ግን ጎኑ ክፍት ስለሆነ መጠለያ አይደለም። ዛፍ ሥር መቆም ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቡና ማሳ ውስጥ ያሉት ትልልቅ የጥላ ዛፎችም እንደዚያው። ዛፍ የመታ መብረቅ በመሬት ውስጥም ይሰራጫል። አራት እግር ያላቸው ከብቶች አንድ ላይ የሚሞቱት በዚህ ነው፤ የፊትና የኋላ እግራቸው መካከል ያለው ርቀት ፍሰቱ በሰውነታቸው እንዲያልፍ ያደርጋል።

ሜዳ ላይ ቁጢጥ ማለት ይረዳል የሚሉ አሉ። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ይህን ምክር ትቶታል፤ ሮጦ መጠለያ መፈለጉ ይሻላል ባይ ነው። ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል የሚለው እምነት ግን መሠረት የለውም። ሞባይልም አይስብም፤ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ማናገር ነው አደጋው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርቱ በአገሪቱ ፈር ቀዳጅ ነው። ተማሪዎቹ ወደ ቀበሌዎች ሲወርዱ ይህን ትምህርት ይዘው ቢሄዱ ትልቅ ዋጋ አለው። በተለይ አንድ ነገር፦ መብረቅ የመታው ሰው ሰውነት ኤሌክትሪክ አይዝም። ወዲያው መንካት ይቻላል። መተንፈስ ካቆመና ልቡ ከቆመ ደረቱን ደጋግሞ መጫንና ትንፋሽ መስጠት፣ እርዳታውንም ሳያቋርጡ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። የሞቱ የመሰሉ ሰዎች ሊተርፉ የሚችሉት በዚህ መንገድ ነው።