የናና ቤተሰብ ዕፅዋት ምርምር በሐረርና በድሬዳዋ

የናና ቤተሰብ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላሚያሴ፣ በዓለም ላይ ወደ 7,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉት ሰፊ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። አብዛኞቹን አባላት ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ግንዳቸው በጣት ሲዳሰስ አራት ማዕዘን ነው፤ ቅጠሎቻቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ አበባቸው የላይና የታች ከንፈር አለው። ሽታው የሚመነጨው በቅጠሉ ገጽ ላይ ካሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው፤ ቅጠሉ ሲታሽ ዕጢዎቹ ይፈነዱና ውስጣቸው ያለው ተናኝ ዘይት ይለቀቃል።

ለሽሮና ለበርበሬ የሚገባው በሶብላ፣ ለጥብስ የሚሆነው ሮዝመሪ፣ ሻይ የሚያሸተው ናና፣ ከደጋ የሚወርደው ጦስኝ፣ ለምች የሚታሸው ዳማ ከሴ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሽታ ብቻውን ግን ዝምድናን አይመሰክርም። ጤና አዳም የሎሚና የብርቱካን ዘመድ ነው፤ አሪቲ ከሱፍ አበባ ጋር ይቆጠራል፤ ኮሰረትም ለናና ቤተሰብ ቅርብ ቢሆንም የሌላ ቤተሰብ አባል ነው።

ምደባው ራሱ አሁንም ይታረማል። እንደ ምስርች ያሉ በርካታ ተክሎች ቀድሞ ከኮሰረት ጋር ተመድበው ቆይተው በኋላ ወደ ናና ቤተሰብ ተዛውረዋል። የወተትና የጠላ ዕቃ የሚታጠንበት ጥንጁት በ2007 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አዲስ የወገን ስም፣ ማለትም የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች የሚጋሩት ስም፣ ተሰጠው፤ ሮዝመሪም በ2017 ሳልቪያ ከሚባለው ወገን ጋር ተቀላቀለ። ለውጦቹን ያመጣው በአብዛኛው የዘረ መል ንጽጽር ነው። ለተመራማሪ ጣጣው ቀላል አይደለም፤ ስለ አንድ ተክል የተጻፈውን ሁሉ ለማግኘት አሮጌውንም አዲሱንም ስም ይዞ መፈለግ አለበት።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የዕፅዋት ጥናት መሠረቱን የያዘው በሐረርና በድሬዳዋ መካከል በሚገኘው በቀድሞው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ በዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኮሌጁ የተቋቋመው ከአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ሲሆን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ እዚያ ያስተማረው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልያም በርገር የኢትዮጵያን አበባ አብቃይ ዕፅዋት ቤተሰቦች የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ በ1967 አሳትሟል። በአገር ደረጃ ታላቁ ሥራ በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ነው። የናናን ቤተሰብ ያዘጋጀው ስዊድናዊው ኦሎፍ ራይዲንግ ሲሆን፣ ክፍሉ በ2006 በታተመው አምስተኛ ቅጽ ውስጥ ይገኛል። መዝገቡ አገሪቱን በዕፅዋት ክልሎች ሲከፍል ሐረርጌን ራሱን የቻለ ክልል አድርጎ ይዟታል። ስለዚህ አንድ ዝርያ በሐረርጌ መሰብሰቡንና አለመሰብሰቡን ከዚያ ማየት ይቻላል፤ ለአካባቢው ተማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

አካባቢውን ለዚህ ጥናት የተመቸ የሚያደርገው አቀማመጡ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ መንገዱ በደንገጎ ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ሐረማያ ላይ 2,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ሙቀቱም ዝናቡም አፈሩም ይለወጣል። የናና ቤተሰብ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ለውጥ ስስ ነው። የበሶብላ ዘይት ከያዛቸው ንጥረ ነገሮች መካከል በአንዱ ተክል ሊናሎል፣ በሌላው ሜቲል ቻቪኮል፣ በሦስተኛው ዩጂኖል ይበዛበታል፤ የጦስኝ ዘይትም አንዳንዴ ታይሞል፣ አንዳንዴ ካርቫክሮል ያይልበታል። ልዩነቱ ከዘርም፣ ከቦታም፣ ከመከር ጊዜም፣ ከአደራረቅም ይመጣል።

ስለዚህ «የበሶብላ ዘይት ባክቴሪያ ገደለ» የሚል ውጤት ብቻውን ግማሽ ዜና ነው። የየት በሶብላ? በየትኛው ወር የታጨደ? ጥሩ ጥናት ተክሉን ከነአበባው ተጭኖ እንዲደርቅ ያደርግና ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የሰብሳቢውን ስም ጽፎ፣ ቁጥር ሰጥቶ በዕፅዋት ቤተ መዘክር ያስቀምጣል። ከገበያ ተገዝቶ፣ ተፈጭቶ የተመረመረ ቅጠል ይህ ሁሉ ይጎድለዋል፤ ከዓመታት በኋላ ስሕተት ቢጠረጠር ተመልሶ የሚታይ ነገር የለም። ዘይቱን በእንፋሎት ማውጣትና ይዘቱን በጋዝ ክሮማቶግራፊ መለየት ዛሬ የተለመደ ሥራ ሆኗል፤ የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው፣ በሜዳ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው።

ባህላዊ አጠቃቀሙን የሚደግፍ ውጤት አለ። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ጥናት በውሃና በአልኮል የተዘጋጀ የዳማ ከሴ ቅጠል ጭማቂ የአይጦችን ትኩሳት ዝቅ አድርጓል። ከጥንጁት ቅጠል የተለየው ኦቶስቴጂንዲዮል የተባለ ንጥረ ነገርም በአይጥ ወባ ላይ ተፈትኖ ተስፋ ሰጥቷል። ይሁን እንጂ አይጥ ሰው አይደለም፤ በመስታወት ሳህን ላይ ባክቴሪያ መግደልም ታማሚን ከማዳን ጋር አይተካከልም። መጠኑ፣ ጉዳቱና ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ግጭት በሰው ላይ ካልተጠና ቅጠሉ መድኃኒት ሆኖ ተረጋግጧል ማለት አይቻልም። በሰው አካል ላይ አሠራሩ በግልጽ ከታወቀው መካከል የናናው ሜንቶል አንዱ ነው፤ ቅዝቃዜን የሚለየውን የነርቭ ተቀባይ እንደሚያነቃ በ2002 ታውቋል። ከዚያ ጥናት መሪዎች አንዱ የነበረው ዴቪድ ጁሊየስ በስሜት ተቀባዮች ላይ ባደረገው ምርምር በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

በግብርናው በኩል በጣም የገፋው የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ መዓዛማ ዕፅዋትን በማላመድና የተሻሻሉ ዝርያዎችን ለአምራቾች በማቅረብ ይሠራል። ለድሬዳዋ ቆላና ለሐረር ወይና ደጋ የትኛው እንደሚስማማ ግን በየቦታው ዘርቶ፣ አጭዶና ዘይቱን ለክቶ መወሰን ያስፈልጋል። ዘይቱን መለካት ለገበያ ብቻ አይደለም። በአንዳንድ በሶብላ ውስጥ የሚበዛው ሜቲል ቻቪኮል በከፍተኛ መጠን ለላቦራቶሪ አይጦች ሲሰጥ የጉበት ካንሰር አስከትሏል። በወጥ ውስጥ የሚገባው ቁንጥር በሶብላና ከብዙ ኪሎ ቅጠል የተጨመቀው ጠርሙስ ዘይት በአንድ ዓይን አይታዩም፤ ዘይቱን ለመጠጥ የሚሸጥ ሰው ይዘቱን አስመርምሮ በጠርሙሱ ላይ መጻፍ ይገባዋል።