«ድሬ ፀሐይ አላት፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ዓሣ ሮቶ የሚባለውና እውነታው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ከቤቴ ጓሮ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተቀምጧል። ውስጡ ቲላፒያ አለ፤ ከላዩ ጠጠር በሞላበት ገንዳ ቆስጣና በሶብላ ይበቅላል። አኳፖኒክስ የሚሉት ይህ ነው፦ ዓሣው ያቆሸሸውን ውሃ ትንሽ ፓምፕ ወደ ጠጠሩ ይገፋል፣ ተክሉ የሚፈልገውን ይወስዳል፣ ውሃው ተጣርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ሮቶውን አይቶ አንድ ነገር ሳይል አይሄድም። ከሚሉኝ ግማሹን እኔም አምኜ ዓሣ ፈጅቼበታለሁ።

«ዓሣው በገባ ማግስት አትክልቱ መመገብ ይጀምራል»

የፈጀሁት በዚህ ነው። 40 የዓሣ ጫጩት በፌስታል አምጥቼ በዚያው ቀን ለቀቅኩ፣ ጠግበው ይደጉ ብዬም መኖውን አበዛሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ብወጣ አፋቸውን ወደ ላይ ቀስረው ይጋፋሉ። ረፋድ ላይ 26ቱ በጎናቸው ተንሳፈፉ።

ዓሣ የሚያስወጣው አሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ለራሱ ለዓሣው መርዝ ነው። ወደ ናይትሬት ተለውጦ ለተክል ምግብ የሚሆነው ባክቴሪያዎች ሲሠሩበት ነው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል (ይህም መርዝ ነው)፣ ሌላኛው ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርጋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ጠጠሩ ላይ ተባዝተው እስኪበቁ በእኛ ሙቀት እንኳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በሁለተኛው ሙከራ 5 ዓሣ ብቻ አስገብቼ፣ መኖ በቁንጥር እየሰጠሁ፣ ውሃውን በመመርመሪያ ወረቀት እያየሁ ቆየሁ። የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ እስኪለቅ አንድ ሁለት ቀን ክፍት ሆኖ ያድራል፤ ክሎሪን ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳልና።

«በፈረቃ በምናገኘው ውሃ ዓሣ ማርባት ግፍ ነው»

ይህን ያሉኝ ጎረቤቴ አዛውንት ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ውሃው የሚዞር እንጂ የሚፈስ አይደለም። ያንኑ ቆስጣ መሬት ላይ ሳለማ በየቀኑ አንድ ጄሪካን አጠጣ ነበር፤ አሁን በሳምንት ሦስት ጄሪካን ገደማ እጨምራለሁ። በሌላ ወገን «አንዴ ከሞላ በቃ» የሚሉም ተሳስተዋል። ፀሐይዋ ትወስዳለች፣ ተክሉም ይጠጣል። ደግሞ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው ማዕድን እዚያው ይቀራል፣ በተጨመረ ቁጥርም ይከማቻል። ይህ ወደ ትልቁ ጉዳይ ይወስደናል።

«ጠጠር ያው ጠጠር ነው፤ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ማዳበሪያ አንሶት ነው»

የድሬን ውሃ የሚያፈላ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ያ ኖራ ነው። በከተማችን ዙሪያ ያለውም ድንጋይ ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ከግንባታ የተረፈ ጠጠር በነጻ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ገንዳውን ሞላሁ። በወሩ የቆስጣው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ ሥሩ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ማለቴ የቅጠሉ ሥር፣ መረቡ።

ያ የብረት እጥረት ምልክት ነው። ናይትሮጅን ቢያንስ ኖሮ መጀመሪያ የሚገረጣው የታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ነው። ኖራ የውሃውን ፒኤች (የኮምጣጣነቱን መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) ከ7 ወደ 8 ያወጣዋል፤ እዚያ ደረጃ ላይ ብረት ቢኖርም ተክሉ ሊወስደው አይችልም። ይባስ ብሎ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። «ዝገት ምስማር ጣልበት» ያሉኝ ነበሩ፣ ጣልኩ፤ ውሃው ውስጥ ምስማር ከመኖሩ በቀር የተለወጠ ነገር የለም። የሠራው ኪሌት የሚባለው የብረት ማዳበሪያና ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው።

ጠጠር ስትመርጡ አንድ ፍሬ አንሡና በደንብ አጥባችሁ ሎሚ ጭመቁበት። ጆሯችሁን አስጠጉ። ሽሽሽ ካለና አረፋ ካወጣ ኖራ ነው፣ ተዉት። እኔ ያንን ሁሉ ጠጠር በባልዲ ያወጣሁት ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው፤ ወገቤ እስካሁን ያስታውሰኛል።

«ሙቀት ካለ ዓሣ አይሞትም»

ቲላፒያ ሙቀት ይወዳል፣ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ በደንብ ያድጋል። ግን ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬ፣ 20 ዲግሪ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፣ 30 ዲግሪው ከ6.5 ብዙም አይዘልም። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ አደጋው ንጋት ላይ ነው። እኔ ሮቶውን በጆንያ አጥልያለሁ፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ልጆቹ ውሃውን በባልዲ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱታል፣ አየር ይዞ እንዲገባ። አቦ፣ በሌሊት ማንም አይወደውም።

የእንጀራ ፍርፋሪም እንዲሁ፦ ዓሣው ይበላዋል፣ የተረፈው ግን ታች ወርዶ ሲበሰብስ ያችኑ ኦክስጅን ይሻማል።

«ቲማቲሙ አበባ የሚያራግፈው ውሃ ጠምቶት ነው»

ብዙ ጊዜ ሙቀቱ ነው። ቀኑ ከ32፣ ሌሊቱ ከ22 ዲግሪ በላይ ሲሆን አበባው ፍሬ አይዝም፤ ውሃ ብታበዙለት ሥሩን ታበሰብሳላችሁ። በግንቦትና በሰኔ ሲያብብ ከመታገል፣ መስከረም ላይ ተክሎ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንዲያብብ ማድረግ ይሻላል። ሰላጣም ያው ነው፤ በሙቀት ቶሎ ዘንግ ያወጣና ይመራል።

«ኒም ከዛፍ ስለሆነ አይጎዳም»

ኒም በየመንገዳችን አለ፣ ፍሬውን ቀጥቅጦ ለተባይ መርጨትም ጥሩ ልማድ ነው። መሬት ላይ ላለ ቃሪያ እጠቀምበታለሁ። ወደ ሮቶው ከተንጠባጠበ ግን ዓሣውን ይጎዳል፤ የሳሙና ውሃም እንደዚያው። ቆስጣው ላይ ክሽክሽ ሲወጣ እኔ በጣቴ ነው የማራግፈው። ውሃው ላይ የወደቀውን ዓሦቹ ይሻሙበታል።