«ኖት ነል» የቆየ ሠንጠረዥ ላይ ለምን እምቢ ይላል?

ጅማ ውስጥ ቡና የሚረከብ ማኅበር «ርክክብ» የሚል ሠንጠረዥ አለው እንበል። እሸቱን ከጀንፈል ለመለየት «ዓይነት» የሚል ኮለም «ኖት ነል» ከሚባለው፣ ባዶ መሆንን ከሚከለክለው ደንብ ጋር ሲጨመር የመረጃ ቋት ፕሮግራሙ ፖስትግሬስ ስህተት ብሎ ይመልሳል። ደንቡ ከዛሬ ወዲህ ለሚገባው ብቻ ይመስላል እንጂ ቀድሞ የገባውንም መስመር ሁሉ ይይዛል፤ የቆዩት መስመሮች ደግሞ አዲሱ ኮለም ላይ ባዶ ናቸው።

ብዙ ሰው ዲፎልቱን (ምንም ካልተሞላ የሚገባውን) «እሸት» ብሎ ይገላገላል። በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው ስሪት 11 ወዲህ ቋሚ ዲፎልት ሠንጠረዡን እንደ አዲስ ስለማያስጽፍ ሥራው ወዲያው ያልቃል። ግን የአምናው ጀንፈል በሙሉ እሸት ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው፤ የሚጮህ ስህተት ይሻል ነበር።

ደህናው መንገድ ረዘም ይላል። ኮለሙን ባዶ መሆን እንዲችል አድርጎ መጨመር፣ ፕሮግራሙ ለአዲስ ርክክብ እንዲሞላው ማድረግ፣ ከዚያ የቆየውን ከደረሰኝ እያዩ በአንድ ጊዜ 1,000 ያህል መስመር መሙላት። ደረሰኙ የጠፋው «ያልታወቀ» ይባል። ቀጥሎ ኮለሙ ባዶ እንዳይሆን የሚል «ቼክ» ገደብ በ«ኖት ቫሊድ» (የቆየውን ሳይፈትሽ) ይጨመርና ለብቻው «ቫሊዴት» ይደረግ (የቆየውም ይፈተሽ)፤ ይህ ሲፈትሽ መጻፍን አያግድም። ከዚያ «ኖት ነል» ይደረግ፤ ከስሪት 12 ጀምሮ ይህን ቼክ ስለሚያምን ሠንጠረዡን ዳግም አያስስም። ቼኩ ከዚያ በኋላ ይሰረዝ።

አንድ ወጥመድ አለ፦ ሠንጠረዥን የሚቀይረው ትእዛዝ «አልተር» ለቅጽበትም ቢሆን ሠንጠረዡን ለብቻው መያዝ ይፈልጋል። ሠንጠረዡ ላይ ረጅም ሪፖርት እየተሠራ ከሆነ «አልተር» ይጠብቃል፣ ከኋላው የመጣ ሁሉ፣ የሚያነበውም ጭምር፣ ይሰለፋል። በለቀማ ወቅት ሚዛኑ ጋ ሥራ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ «ሎክ ታይምአውት» (ሠንጠረዡን ለመያዝ የሚጠበቅበት ጊዜ ገደብ) 3 ሰከንድ ላይ ይደረግ፤ ካልተሳካ ቆይቶ ይደገማል።